ዝናቡ ሳይቀድምዎ ዛፍዎን ይዙሩት

በፋርጣ ደጋ ስለ ዛፍ ከተወራ ወሬው ስንት አጣና ይወጣዋል፣ ነጋዴው በስንት ይገዛዋል የሚል ነው። ከደብረ ታቦር በገሳይ አድርጎ ወደ ነፋስ መውጫ የተጓዘ ሰው ምክንያቱን አይስተውም። ባሕር ዛፉ የብዙ ቤተሰብ ጥሪት ነው፤ ድግሱም የማዳበሪያ ዕዳውም ከእሱ ይወጣል። ያው ጥሪት ከመኝታ ቤት ጣሪያ በላይ ሲያዘነብል ግን ልብ የሚለው ጥቂት ነው። ሁሉም ቀና ብሎ የሚያየው ሐምሌ ላይ፣ ሌሊት፣ ቅርንጫፉ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ነው፤ በዚያ ሰዓት ደግሞ ልጆችን አስነስቶ ወደ ጎረቤት ከመሸሽ በቀር የሚደረግ ነገር የለም።

ይህ ጽሑፍ በቤቱ፣ በትምህርት ቤቱ፣ በደጀ ሰላሙ ወይም በመንገዱ አጠገብ ትልቅ ዛፍ ላለው ሰው ነው። ምን እንደሚያዩ፣ መቼ እንደሚያዩ፣ የትኛውን በራስዎ እጅ እንደሚሠሩ፣ የትኛውን ደግሞ እጅዎን ሰብስበው ለሌላ እንደሚተዉ በቅደም ተከተል ይናገራል። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል፦ አደገኛ የተባለ ዛፍ ሁሉ አይቆረጥም። አብዛኛውን ጊዜ የሚያስፈልገው አንድ ቅርንጫፍ ማውረድ ነው፤ አንዳንዴም ዛፉን ትቶ ከሥሩ ያለውን ነገር ማንሳት ይበቃል።

መጀመሪያ ከሥሩ ማን እንዳለ ይዩ

በግጦሽ መሬት መሀል የቆመ የበሰበሰ ብሳና ቢወድቅ የሚጎዳው ሣሩን ነው። ደህና የሚመስል ባሕር ዛፍ ልጆች ከሚተኙበት ክፍል በ8 ሜትር ርቀት ላይ ከቆመ ግን ትንሿ እንከን ትልቅ ጉዳይ ትሆናለች። ስለዚህ ሥራው የሚጀምረው ዛፉ ቢወድቅ የት ድረስ እንደሚደርስ በመለካት ነው።

ለዚህ መሣሪያ መግዛት አያሻም። ከዓይንዎ እስከ ተዘረጋው እጅዎ ጭብጥ ያለውን ርዝመት የሚያህል ቀጥ ያለ በትር ያዘጋጁ። እጅዎን ወደ ፊት ዘርግተው በትሩን ከታችኛው ጫፉ ይዘው ሽቅብ ያቁሙት፤ ከዚያ ዛፉን እያዩ ወደ ኋላ ይራቁ። የበትሩ ታች ከግንዱ መነሻ፣ የበትሩ ጫፍ ከዛፉ ጫፍ ጋር የገጠመበት ቦታ ሲደርሱ ይቁሙ። ከቆሙበት እስከ ዛፉ ያለው ርቀት የዛፉ ቁመት ነው፤ በእርምጃ ቆጥረው ይያዙት። መሬቱ ተዳፋት ከሆነ፣ ፋርጣ ላይ ያልሆነው ጥቂት ነውና፣ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች ሳይሄዱ ከዛፉ ጋር እኩል ከፍታ ባለው ጎን ሆነው ይለኩ። ዛፍ መሬት ሲመታ ጫፉ ተሰባብሮ ስለሚፈናጠር በቁመቱ ላይ ግማሹን ይጨምሩ። 20 ሜትር የሚሆን ዛፍ አደጋ የሚያደርስበት ክልል 30 ሜትር ነው ማለት ነው።

አሁን በዚያ ክልል ውስጥ ማን ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ያስቡ። አላፊ አግዳሚ ለአፍታ የሚያልፍበት የእግር መንገድና ሰው ሌሊቱን ሙሉ የሚተኛበት ክፍል እኩል አይደሉም። በዓላቱንም አይርሱ። ጥር ላይ የሰርግ ዳስ የሚጣለው የት ነው? ነሐሴ 13 ቀን የደብረ ታቦር በዓል ሲከበር ሕዝቡ ከየትኛው ዛፍ ሥር ይቆማል? በዓሉ የሚውለው መሬቱ ውኃ ጠግቦ በላላበት ሰሞን ነው፤ ሥር አፈሩን አጥብቆ መያዝ በሚያቅተው ወቅት ሰው ከዛፍ ሥር ይሰበሰባል። ይህን የሚያውቅ የደብር አስተዳዳሪ ሐምሌ ሳያልቅ አጥር ያስደርጋል።

ብዙ ጊዜ ጉዳዩ እዚሁ ላይ ያልቃል። ዳሱ 30 እርምጃ ፈቀቅ ይላል፣ የጥጃ ማሰሪያው ቦታ ይቀየራል፣ የተማሪዎቹ መቀመጫ ድንጋይ ወደ ሌላ ጥግ ይዞራል፤ ዛፉም በቦታው ይኖራል።

ከመሬት ወደ ላይ ይመርምሩ

በዓመት ሁለት ጊዜ ይዙሩ። አንደኛው መስከረም ነው፤ ዝናቡ ያበቀለው የጅብ ጥላ ገና አልደረቀም፣ ቅጠሉም ሙሉ ስለሆነ የደረቀ ቅርንጫፍ ከሩቅ ይለያል። ሁለተኛው ግንቦት መጀመሪያ ነው፤ ከክረምቱ በፊት የሚደረገው የመጨረሻ ዕይታ። የመቁረጡ ሥራ ራሱ መሬቱ ደርቆ እግር በማያዳልጥበት ከኅዳር እስከ የካቲት ባለው ጊዜ ቢሆን ይመረጣል። መዶሻ፣ ቀጭን የብረት ዘንግና የግንበኛ ቱንቢ ይበቃዎታል።

ከአፈሩ ይጀምሩ። ብዙ ሰው የዛፍ ሥር እንደ ቁመቱ ወደ ታች የሚወርድ ይመስለዋል። አብዛኛው ሥር ግን ያለው በላይኛው 60 ሳንቲ ሜትር አፈር ውስጥ ነው፤ ወደ ጎን ደግሞ ቅርንጫፉ ጥላ ከሚጥልበት አልፎ ይሄዳል። ለውኃ ቧንቧ፣ ለአጥር መሠረት፣ ለመንገድ ዳር ቦይ ወይም ለእርከን የተቆፈረ ሁሉ ይነካዋል። ባለፉት ዓመታት በዛፉ ዙሪያ ማን ምን እንደቆፈረ ያስታውሱ፤ የሚያውቅ ጎረቤትም ይጠይቁ። የተቆረጠ ሥር ቀስ ብሎ ስለሚበሰብስ ዛፉ የሚወድቀው ሁሉም ቁፋሮውን ከረሳው በኋላ ሊሆን ይችላል። ቁፋሮው ከግንዱ ወርድ ሦስት እጥፍ ባነሰ ርቀት ውስጥ ከሆነ፣ ለምሳሌ ወርዱ 50 ሳንቲ ሜትር ለሆነ ግንድ በአንድ ሜትር ተኩል ውስጥ፣ ያን ዛፍ ከተጠርጣሪዎቹ ጋር ይመድቡት።

ቀጥሎ ዝንባሌውን ይዩ። ያዘነበለ ዛፍ ሁሉ የሚወድቅ አይደለም። ከልጅነቱ ጀምሮ ያዘነበለ ዛፍ ወገቡን ጠምዝዞ ጫፉን ወደ ላይ ያቀናል፤ እንዲህ ያለው ለዘመናት ሊቆም ይችላል። የሚያሰጋው ግንዱ ከታች እስከ ላይ ቀጥ ብሎ እያለ ያዘነበለው ነው፤ ይህ በቅርብ የተንቀሳቀሰ ዛፍ ነው። በጀርባው በኩል አፈሩ ተነሥቶ ወይም ተሰንጥቆ እንደሆነ ያረጋግጡ። ከተጠራጠሩ ከግንዱ ላይ በሚስማር ሳይሆን በገመድ ምልክት ይሰሩ፣ ከዚያ ላይ ቱንቢ ይልቀቁ፣ ቱንቢው የነካበትን ቦታ በተቀበረ ድንጋይ ያመልክቱ። ከከባድ ዝናብ በኋላ ደግመው ይለኩ፤ ቱንቢው ከድንጋዩ ከራቀ ዛፉ እየሄደ ነው።

ከግንዱ መነሻ ላይ እንደ መደርደሪያ የተለጠፈ ጠንካራ ፈንገስ ካዩ ውስጡ እየተበላ መሆኑን ይወቁ። ግንዱን በመዶሻ ዙሪያውን ይምቱት፤ ደህናው እንጨት ደረቅና ጥብቅ ድምፅ ይሰጣል፣ ባዶው እንደ ከበሮ ያስተጋባል። ይሁን እንጂ ባዶ መሆን ብቻውን የሞት ፍርድ አይደለም። ዛፍ የሚቆመው በዙሪያው ባለው እንጨት ነው፤ ልቡ የጠፋ ወይራ አያት ቅድመ አያት ሲያዩት የኖረ ሊሆን ይችላል። ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ክላውስ ማቴክ ብዙ የተሰበሩና ያልተሰበሩ ዛፎችን አነጻጽሮ ያወጣው መለኪያ እዚህ ይጠቅማል፦ የቀረው ደህና እንጨት ውፍረት ከግንዱ መሀል እስከ ጠርዙ ካለው ርቀት አንድ ሦስተኛ ያህል ከሆነ ዛፉ ይቆማል፣ ከዚያ ካነሰ የመሰበር ዕድሉ ይጨምራል። ወርዱ 60 ሳንቲ ሜትር በሆነ ግንድ ላይ ደህናው ግድግዳ ቢያንስ 10 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። ቀዳዳ ካለ በብረት ዘንጉ ውስጡን ይለኩ። ግንዱ በአንድ ጎኑ ክፍት ከሆነ ግን ይህ ስሌት አይሠራም፤ የተከፈተው ጎን ጉልበቱን ይዞበት ሄዷልና።

ባላውን አይለፉት። ሁለቱ ቅርንጫፎች ሰፋ ብለው የተለያዩበት ባላ ጠንካራ ነው። ጠባብ ሆኖ በመሀሉ ቅርፊት ታፍኖ የገባበት ግን የተጣበቀ ይመስላል እንጂ አልተያያዘም፤ ከሥሩ ቀጥ ያለ አዲስ ስንጥቅ ከታየ ደግሞ መለያየቱ ጀምሯል። በመጨረሻ ወደ ጫፉ ቀና ይበሉ፦ የደረቀ፣ ተሰብሮ የተንጠለጠለ፣ ወይም በሌላ ላይ የተደገፈ ቅርንጫፍ አለ?

አዲስ ዝንባሌ ከተነሣ አፈር ጋር፣ የሚሰፋ የባላ ስንጥቅ፣ ከሰው በላይ የተንጠለጠለ ቅርንጫፍ፣ ከእነዚህ አንዱን ካዩ ሌላ ምርመራ አያስፈልግም። በዚያው ቀን ሰዉንና ከብቱን ከክልሉ ያውጡ፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

ከጉቶ የበቀለው ባሕር ዛፍ

በእኛ ደጋ ትልቁ ሥጋት ይህ ይመስለኛል፤ ስለዚህ ጥቂት ልቆይበት። ባሕር ዛፍ በአፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ1887 ዓ.ም. ገደማ ወደ አገር የገባው ለአዲስ አበባ የማገዶ ችግር ነበር። ከዚያ ወዲህ ደጋውን ሁሉ አዳርሶ በእኛም ዘንድ ነጩ ባሕር ዛፍ ነግሷል። ጥቅሙ ተቆርጦ ደግሞ ማቆጥቆጡ ነው፤ ጣጣውም ከዚያው ይመጣል።

ከችግኝ ያደገው የመጀመሪያው ዛፍ ግንዱና ሥሩ አንድ ናቸው። ሁለተኛው ትውልድ ግን ከጉቶው ጎን፣ ከቅርፊቱ ሥር ነው የሚወጣው። መሀሉ ላይ ያለው አሮጌ ጉቶ ውኃ ይዞ ይበሰብሳል፣ በዙሪያው የወጡት ግንዶች ብርሃን ፍለጋ እርስ በርስ እየተገፋፉ ወደ ውጭ ያዘነብላሉ። በተቆረጠ ቁጥር ጉቶው ይሰፋል፣ ብስባሹም ይጨምራል። በየጥቂት ዓመቱ ለአጣና የሚቆረጥ ከሆነ ክብደቱ ትንሽ ስለሆነ ችግር አያመጣም። ችግሩ የሚመጣው ባለቤቱ ለጠርብ ይሁነኝ ብሎ ወይም ረስቶት ከሦስተኛና ከአራተኛ ቆረጣ የመጣውን ግንድ ከቤቱ አጠገብ 20 ሜትር ሲያደርሰው ነው። ያን ሁሉ ቁመት የሚይዘው ከብስባሽ ጉቶ ጎን የተለጠፈ ቁራጭ ነው።

በዚህ ላይ የማገዶው ጉዳይ አለ። የታችኛው ቅርንጫፍ በየጊዜው ለማገዶ ስለሚመለመል ቅጠሉ ጫፉ ላይ ብቻ ይቀራል። ነፋስ ሲመጣ ጉልበቱ ሁሉ የሚያርፈው በዚያ ከፍ ብሎ በቀረው ቅጠል ላይ ሲሆን፣ ግንዱ ከታች እስከ ላይ እንደ ቀስት ይጎብጣል። ከግንዱ ቁመት ቢያንስ ግማሹ ቅርንጫፍ ለብሶ ቢቀር ዛፉ ነፋሱን ተከፋፍሎ ይቀበለዋል።

እንግዲህ ባሕር ዛፍ ሲያስቆርጡ ጉቶውን ከመሬት 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ አድርገው፣ ውኃ እንዲወርድ ዘንበል ባለ ቆረጣ፣ ቅርፊቱ ሳይገነጠል ያስጨርሱት። ቁጥቋጦው የሰው ቁመት ሲያልፍ ሁሉንም አያሳድጉ፤ አንድ ወይም ሁለት ብቻ ይተዉ። የሚተዉት ከጉቶው ዝቅ ካለ ቦታ የወጣውንና ነፋስ በሚመጣበት በኩል ያለውን ይሁን፤ ነፋሱ ሲገፋው ወደ ጉቶው ይደገፋል እንጂ ከጉቶው አይላቀቅም። ከቤት አጠገብ ያለውን ጉቶ ግን ለጠርብ አያቆዩት። አጣና ሲደርስ ይቁረጡት፣ ወይም ቁጥቋጦውን ባወጣ ቁጥር እየነቀሉ፣ የጉቶውን ቅርፊት እስከ አፈሩ ድረስ ልጠው በአፈር ሸፍነው ይግደሉት። በባሕር ዛፍ ላይ ርኅራኄ አያብዙ፤ ነገ ሌላ ቦታ ተክለው በጥቂት ዓመት ያገኙታል።

የደብሩ ዛፍ ሌላ ነው

ለጥድ፣ ለወይራ፣ ለዝግባ፣ ለኮሶና ለዋንዛ ግን ትዕግሥት ያሻል። የደቡብ ጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ደን በዓለም የታወቀ ነው። የደን ሊቁ ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ በዚሁ ዞን 28 የቤተ ክርስቲያን ደኖችን አጥንተው 168 የእንጨት ተክል ዓይነቶች መዝግበዋል፤ ከአሜሪካዊቷ የደን ተመራማሪ ማርጋሬት ሎውማን ጋር ሆነውም ደኖቹን በድንጋይ ካብ የማስከበሩን ሥራ ከካህናቱና ከምእመኑ ጋር አስጀምረዋል። በዙሪያው እርሻና ግጦሽ ብቻ በሆነበት ትንሽ ደን ውስጥ ዘር የሚሰጥ አንድ አሮጌ ጥድ ቢወድቅ የሚተካው በቀላሉ አይገኝም።

አሮጌ ጥድ ደግሞ ልቡ ብዙ ጊዜ ይበሰብሳል። ስለዚህ ከቅኔ ማኅሌቱ ወይም ከመቃብሩ አጠገብ ያለ ጥድ ሲያሠጋ መጀመሪያ ከአስተዳዳሪውና ከሰበካ ጉባኤው ጋር ይነጋገሩ። ከዚያ የሚደረገው በዚህ ቅደም ተከተል ነው፦ ዙሪያውን አጥሮ ሰው እንዳይቆም ማድረግ፤ መንገዱን ማዞር፤ የደረቀውንና ከባዱን ቅርንጫፍ ማውረድ። ይህ ሁሉ ካልበቃ ጫፉን ቀንሶ ግንዱን ማቆም ይቻላል፤ ቁመቱ ያነሰ ግንድ ሩቅ አይወድቅም፣ ወፍና ንብም ይኖርበታል። ከሥሩ መጣል ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። የደኑ ጠርዝ ላይ ያሉ ዛፎችን በተለይ ይጠብቁ፤ ጎረቤት ያለው ባሕር ዛፍ በአንድ ጊዜ ሲቆረጥ በጥላው የኖረው የደን ዛፍ ያልለመደውን ነፋስ ይጋፈጣል፣ በቀጣዩ ክረምትም ይወድቃል። ጎረቤቱ በየተራ እንዲቆርጥ መለመን ያዋጣል።

ሕጉንም ይወቁ። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የደን አዋጅ ኮሶ፣ ዋንዛ፣ ዝግባና ጥድ ከመንግሥትና ከክልል ደን እንዳይቆረጡ ከልክሎ ነበር፤ ዛሬ የሚሠራው የደን ልማት፣ ጥበቃና አጠቃቀም አዋጅ ቁጥር 1065/2010 ነው። ዛፉ በግቢዎ ውስጥ ቢሆንም አገር በቀል ከሆነ ከቀበሌውና ከወረዳው ግብርና ወይም ደን ጽሕፈት ቤት ፈቃድ ሳይዙ አይንኩት። ማመልከቻው ላይ ዛፉ ምን እንዳደረገ ሳይሆን ከሥሩ ምን እንዳለ፣ ምን ምልክት እንዳዩ ይጻፉ፣ የተነሣ ፎቶግራፍ ካለም ያያይዙ፤ ባለሙያው መጥቶ እንዲያየውም ይጠይቁ።

ቅርንጫፍ ሲያወርዱ

ክንድ የሚያህልና ቆመው የሚደርሱበት ቅርንጫፍ የእርስዎ ሥራ ነው። ከዚያ በላይ የወፈረ፣ ወይም መሰላል የሚጠይቅ ከሆነ አይደለም። መሰላል ሊቆረጥ ባለ ቅርንጫፍ ላይ ተደግፎ ስንት ሰው እንደጎዳ የአጥንት ሐኪም ይጠየቅ።

ቅርንጫፍን በአንድ ቆረጣ ከላይ ወደ ታች ቢቆርጡት ሳይጨርሱ በክብደቱ ይገነጠልና የግንዱን ቅርፊት ይዞ ይወርዳል። ሦስት ቆረጣ ያስፈልጋል። መጀመሪያ ከግንዱ 30 ሳንቲ ሜትር ርቀው ከሥሩ በኩል ወደ ላይ ሩብ ያህል ይጋዙ። ሁለተኛ ከዚያ ጥቂት ወደ ውጭ ወጥተው ከላይ ወደ ታች ይጨርሱት፤ ቅርንጫፉ ሳይገነጠል ይወድቃል። ሦስተኛ የቀረውን ጉቶ ይቁረጡ፤ ይህ ቆረጣ ነው የዛፉን ዕድሜ የሚወስነው። ቅርንጫፍ ከግንዱ በሚወጣበት ቦታ እብጥ ያለ ቀለበት አለ፤ ቆረጣው ከዚያ ቀለበት ወዲያ ይሁን። ቀለበቱን ከቆረጡት ቁስሉ አይዘጋም፣ ረጅም ጉቶ ከተዉ ደግሞ ብስባሹ በዚያ ይገባል። አሜሪካዊው አሌክስ ሻይጎ በሺህ የሚቆጠሩ ግንዶችን ሰንጥቆ ያሳየው ይህን ነው፦ ዛፍ እንደ ሰው ቁስሉን አያድንም፣ ግድግዳ ሠርቶ ይከበዋል፤ ያ ግድግዳ የሚሠራው ከቀለበቱ ነው። ቀለም፣ ጭቃ ወይም እበት መቀባት አይረዳውም፤ ቁስሉን ክፍት ይተዉት።

በአንድ ዓመት ከዛፉ ቅጠል ሩቡን ያህል ብቻ ይቀንሱ። ራሱን መቁረጥ፣ ማለትም ረጅም ሆነ ብሎ ጫፉን በግማሽ መገንደስ፣ ለጊዜው ያረካል፤ ከዚያ ቦታ የሚወጡት ቡቃያዎች ግን ላይ ላዩን የተያያዙ ስለሆኑ ሲወፍሩ አንድ በአንድ ይሰበራሉ። ከላይ ለአሮጌው ጥድ የተነገረው ሌላ መንገድ ሲታጣ የሚደረግ ነው። የፈረንጅ ጥድ ደግሞ ቅጠል ከሌለው አሮጌ ግንዱ አያቆጠቁጥም፤ ከገነደሱት ገደሉት። ግራቪሊያም ቅርንጫፉ ተሰባሪ ስለሆነ መኪና ማቆሚያ አጠገብ ካለ የረዘሙትን በጊዜ ያሳጥሩ።

ሲጣል

ራስዎ ሊጥሉት የሚችሉት ዛፍ ቀጥ ያለ፣ ወርዱ ከ20 ሳንቲ ሜትር የማይበልጥ፣ በቁመቱ ሁለት እጥፍ ርቀት ውስጥ ቤትም ሽቦም ሰውም የሌለበት፣ ነፋስ በሌለበት ደረቅ ቀን የሚቆረጥ ነው። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ያቁሙ።

ምሳር ከማንሳትዎ በፊት የሚሸሹበትን መንገድ ይጥረጉ። ሽሽቱ ከመውደቂያው በተቃራኒ ቀጥታ ወደ ኋላ አይሁን፤ ግንዱ ሲወድቅ ወደ ኋላ ይመታልና። ወደ ኋላ በግራና በቀኝ ሰያፍ የሚሄዱ ሁለት መንገዶች ያዘጋጁ። ልጆችንና ውሾችን የሚጠብቅ አንድ ሰው ያቁሙ። ከዚያ በመውደቂያው በኩል የግንዱን ወርድ ሩብ ያህል አፍ ይክፈቱ። ከኋላ ሲገቡ ከአፉ ታች ጥቂት ጣት ከፍ ብለው ይጋዙ፤ ከወርዱ አንድ አሥረኛ የሚሆን እንጨት ሲቀር ያቁሙ። ይህ የቀረው እንጨት ለዛፉ ማጠፊያው ነው፤ አቅጣጫ የሚሰጠው እሱ ስለሆነ ሙሉ በሙሉ አይቁረጡት። ዛፉ ካልተንቀሳቀሰ በኋላኛው ቆረጣ ውስጥ የእንጨት ሽብልቅ ይምቱ። መንቀሳቀስ ሲጀምር መሣሪያውን ጥለው ይሂዱ፤ ቆሞ ማየት የለም።

በገመድ የሚጎትት ሰው ካለ ገመዱ ከዛፉ ቁመት በእጅጉ የረዘመ ይሁን፤ ጎታቹም እጁ ላይ አይጠምጥመው። አጭር መጫኛ ይዞ ከዛፉ ፊት ቆሞ የሚጎትት ሰው ዛፉን በራሱ ላይ እየጠራ ነው።

በጣም ያዘነበለ ባሕር ዛፍ ከሁሉ የከፋ ነው። ከኋላው መቁረጥ እንደጀመሩ ግንዱ ሽቅብ ተሰንጥቆ ቁራጩ ወደ ቆራጩ ደረት ይወረወራል። ይህን የሚያውቅና የሞተር መጋዝ የሰለጠነ ሰው ብቻ ይሥራው። በሌላ ዛፍ ላይ ተንተርሶ የቀረ ዛፍም እንዲሁ ነው፤ ከሥሩ አይግቡ፣ የደገፈውንም ዛፍ አይቁረጡ።

ሽቦ ካለ

የኤሌክትሪክ መስመር ከዛፉ ክልል ውስጥ ካለ ሥራው የእርስዎ አይደለም፣ የቀጠሩት ቆራጭም አይደለም። በ905 ለኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ይደውሉ ወይም በአቅራቢያዎ ወዳለው ማዕከል ሄደው በጽሑፍ ያመልክቱ፤ መስመሩ ሳይቋረጥ ማንም እንዳይወጣ። እርጥብ ቅርንጫፍና እርጥብ ገመድ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋሉ፣ ከፍተኛ ኃይል ያለው ሽቦ ደግሞ ሳይነኩትም ሊዘል ይችላል። ዛፍ ሽቦ ይዞ ከወደቀ ቢያንስ 10 ሜትር ይራቁ፤ መሬቱ ራሱ ኃይል ይዞ ሊሆን ስለሚችል ቅርብ ከነበሩ እግርዎን ሳያነሡ፣ እየጎተቱ በአጫጭር እርምጃ ይውጡ። የተያዘ ሰው ቢያዩ እንኳ ኃይሉ መቋረጡ ሳይረጋገጥ አይንኩት። መብረቅ ባለበት ሰዓት ከትልቅ ዛፍ ሥር መጠለልም አይገባም፤ እረኞችን ይህን ደጋግመው ይንገሯቸው።

ቆራጭ ሲቀጥሩ

ዋጋውን ከመጠየቅዎ በፊት አራት ነገር ይጠይቁት፦ ዛፉ ወዴት ይወድቃል? አንተ ወዴት ትሸሻለህ? ገመድህን አሳየኝ። ባለፈው የቆረጥከው የት ነው? ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሰው አይቀጥሩ። ሄልሜት፣ ጠንካራ ጫማና ሳይላላ የሚቋጠር ገመድ የሌለውንም እንዲሁ። ከሁሉ በላይ ደግሞ ክፍያውን በእንጨቱ አያድርጉ። እንጨቱ የእሱ የሚሆን ከሆነ አንድ ቅርንጫፍ የሚበቃው ዛፍ ከሥሩ ይቆረጣል፣ የሚመረጠውም አደገኛው ሳይሆን ወፍራሙ ይሆናል። በቀን ወይም በሥራ ይክፈሉ፣ እንጨቱ የእርስዎ ወይም የደብሩ ይሁን። ጣውላውን በመኪና ለማጓጓዝ የይለፍ ወረቀት እንደሚጠየቅ አይርሱ።

ዛፉ የቆመው በእርስዎ መሬት፣ የሚወድቀው በጎረቤት ጣሪያ ላይ ከሆነ ጎረቤቱን በቀጥታ ያነጋግሩ፤ ካልተስማማችሁ ሽማግሌ ያስገቡ፣ ምን እንደተነገረና መቼ እንደሆነም ጽፈው ያስቀምጡ።

ሰው ቢጎዳ ደሙን በንጹሕ ጨርቅ ጭነው ይያዙ። ከዛፍ የወደቀን ወይም ዛፍ የተጫነውን ሰው አንገቱንና ወገቡን ሳያጣምሙ በጠፍጣፋ ጣውላ ላይ አድርገው ወደ ጤና ተቋም ያድርሱ፤ በሸክም ማጠፍ ወይም ተቀምጦ በሞተር ሳይክል መውሰድ የበለጠ ይጎዳዋል።

ቦታው ሲለቀቅ

የወደቀው ዛፍ ቦታ ለሌላ ተክል ይሆናል። ባሕር ዛፍ ከቤት፣ ከሽቦና ከመንገድ ሲያድግ ሊደርስ ከሚችለው ቁመት ባነሰ ርቀት አይትከሉ፤ ቢያንስ 30 ሜትር ይራቅ። ከቤት አጠገብ ጌሾ፣ ፖም ወይም ዝቅ ብሎ የሚከረከም ወይራ ይበቃል። ጉድጓዱን በግንቦት ቆፍረው አፈሩን ፀሐይ ያስመቱት፣ ችግኙን ሐምሌ ላይ ዝናቡ ሲደላደል ይትከሉ፤ ሥሩ በፕላስቲኩ ውስጥ ተጠምዝዞ ከሆነ የተጠመዘዘውን ቆርጠው ያቅኑት፤ በልጅነቱ የተጠመዘዘ ሥር ዛፉ ሲያድግ ግንዱን ከሥሩ ያንቀዋል።